የአቤል የግርጌ ማስታወሻ፦ አንድ የሂሳብ ሐሳብ ከማረጋገጫ ስንጥቅ እንዴት ወጣ?

በ1821 ፓሪስ ውስጥ አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ታተመ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ጸሐፊው ኦጉስታን ሉዊ ኮሺ ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ሰው ነበር። መጽሐፉ የተዘጋጀው ኤኮል ፖሊቴክኒክ ለተባለው የፓሪስ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ነው። ኮሺ መግቢያው ላይ ዓላማውን በግልጽ አስቀመጠ። ካልኩለስም እንደ ጂኦሜትሪ ጥብቅ ማረጋገጫ ሊኖረው ይገባል አለ። አንድ ቀመር በአልጀብራ ስለተገኘ ብቻ የትም ቦታ ይሠራል የሚለው ልማድ ይቅር አለ።

ይህን ለማለት ድፍረት ይጠይቅ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ኦይለርን የመሰሉ ታላላቆች ያን ልማድ ይዘው ብዙ ድንቅ ነገር አግኝተዋል። ኮሺ ግን ልማዱ ለማረጋገጫ አይበቃም ባይ ነው። ተማሪዎቹም ባልደረቦቹም ትምህርቱ ከበደ ብለው ያማርሩ ነበር። እሱ ከአቋሙ ንቅንቅ አላለም።

ይኸው መጽሐፍ ስድስተኛው ምዕራፍ ላይ ማለቂያ ስለሌላቸው ድምሮች ያወራል። የምዕራፉ የመጀመሪያ ቲዎረም በቀላል አነጋገር እንዲህ ይላል፦ ግራፋቸው የማይቆረጥ ፋንክሽኖችን እየደመርክ ብትሄድ፣ ድምሩም በየነጥቡ ወደ አንድ ቁጥር ከተጠጋ፣ የመጨረሻው ድምር ግራፍም አይቆረጥም። ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ኮሺም ማረጋገጫ ሰጥቶታል። ዛሬ ግን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሪል አናሊሲስ የተማረ ሰው ሁሉ ቲዎረሙ እንዲሁ እንዳለ እንደማይሠራ ያውቃል። ለጥብቅነት ሲባል የተጻፈ መጽሐፍ ውስጥ፣ በዘመኑ ከሁሉ በላይ ጥንቁቅ በነበረው ሰው እጅ፣ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት አለፈ? ካለፈስ በኋላ ለማቃናት ለምን ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጀ? ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ለዚህ ነው። የሂሳብ ሐሳብ በጊዜ ውስጥ እንዴት እንደሚለወጥ ከዚህ የበለጠ አጥርቶ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም።

ቲዎረሙን የሚያፈርሰው ምሳሌ (ማፍረሻው) ከኮሺ መጽሐፍ በፊት ነበረ። ዦዜፍ ፉሪዬ ከናፖሊዮን ጋር ግብፅ ዘምቶ የተመለሰ፣ በኋላም ግሬኖብል ላይ የመንግሥት አስተዳዳሪ የሆነ ሰው ነው። ሙቀት በብረትና በመሰል አካላት ውስጥ እንዴት እንደሚተላለፍ ሲያጠና ቆይቶ በ1807 ጽሑፉን ለፓሪስ አካዳሚ አቀረበ። የሳይን እና የኮሳይን ሞገዶችን እየደመርክ ከሄድክ፣ በድንገት የሚዘሉ ቅርጾችን ሳይቀር መሥራት ይቻላል የሚል ነበር ሐሳቡ። ታላቁ የሂሳብ ሊቅ ላግራንዥ ሐሳቡ አልተዋጠለትም። የፉሪዬ መጽሐፍ የወጣው በ1822 ነው።

አንዱን የፉሪዬ ድምር እንየው። ሀ በራዲያን የሚለካ ማዕዘን ይሁን፦

ሳይን(ሀ) − ሳይን(2ሀ)/2 + ሳይን(3ሀ)/3 − ሳይን(4ሀ)/4 + …

እያንዳንዱ ተደማሪ ለስላሳ ሞገድ ነው፤ የትም አይቆረጥም። ሀ ከፓይ በታች እና ከኔጌቲቭ ፓይ በላይ እስከሆነ ድረስ ድምሩ ሀ/2 ነው፤ ቀጥ ያለ መስመር። ሀ በትክክል ፓይ ሲሆን ግን ሁሉም ሳይኖች ዜሮ ናቸው፣ ድምሩም ዜሮ። ፓይን አልፎ ደግሞ መስመሩ ከታች፣ ከኔጌቲቭ ፓይ/2 ይጀምራል። ማለትም ግራፉ 1.57 ገደማ ደርሶ ይቆረጥና ወደ −1.57 ይወርዳል። የማይቆረጡ ሞገዶች ድምር ተቆረጠ።

ታዲያ ሰዎች ይህን እያዩ የኮሺን ቲዎረም እንዴት ተቀበሉ? እዚህ ላይ ለዛሬ አንባቢ የሚከብደው ነገር አለ። ያኔ "መቆረጥ" ራሱ ምን እንደሆነ ገና አልረጋም። ለኦይለር አንድ ኩርባ ያልተቋረጠ የሚባለው በአንድ ቀመር ከተጻፈ ነው። ሁለት ቀመር ከተገጣጠመበት፣ መስመሩ ሳይበጠስ ቢሄድም፣ የተቋረጠ ነው። በዚህ ሚዛን የፉሪዬ ድምር በአንድ ቀመር ስለሚጻፍ ያልተቋረጠ ሊባል ነው! ፉሪዬም ሥዕሉን ሲያስረዳ ከላይና ከታች ያሉትን መስመሮች በቁም መስመር ያገናኛቸዋል፤ ለእርሳስ የሚቆረጥ ነገር የለውም። ዛሬ የምናውቀውን ትርጉም በ1817 ቦልዛኖ ፕራግ ላይ፣ በ1821 ደግሞ ኮሺ ፓሪስ ላይ ያስቀመጡት ገና ትኩስ ነበር፦ ሀ በጥቂቱ ሲነቃነቅ ውጤቱም በጥቂቱ ብቻ ይነቃነቃል። ኮሺ በ1844 የኦይለርን አከፋፈል በአንድ ቀላል ምሳሌ ጣለው። ዜሮ ላይ የሚታጠፈውን የሀ ፍጹማዊ ዋጋ በሁለት ቀመር መጻፍ ይቻላል፤ በአንድ ቀመር፣ √(ሀ²) ብሎ መጻፍም ይቻላል። ያው ኩርባ ሁለቱንም ሊሆን ነው።

እንግዲህ በ1826 ወደ በርሊን እንሂድ። ኒልስ ሄንሪክ አቤል የ23 ዓመት ኖርዌያዊ ነው። ድሃ ነው፤ አውሮፓን የሚዞረው ከአገሩ በተሰጠው ገንዘብ ነው። በርሊን ላይ አዲስ የሂሳብ መጽሔት ሊያቋቁም ከተነሣው ከኦጉስት ክሬለ ጋር ተዋወቀ። በመጽሔቱ የመጀመሪያ ቅጽ ላይ ስለ ባይኖሚያል ድምር ረዘም ያለ ጽሑፍ አወጣ። አቤል ኮሺን ያደንቃል። ጥብቅነትን የሚወድ ሁሉ የ1821ን መጽሐፍ እንዲያነብ እዚያው ይመክራል። ለቀድሞ መምህሩ ለሆልምቦ በጻፈው ደብዳቤ ደግሞ ወደ ምንም የማይጠጉ ድምሮች የሰይጣን ሥራ ናቸው እስከማለት ደርሷል።

ታዲያ የኮሺን ቲዎረም ለራሱ ሥራ ሲፈልገው ቆም አለ። ገጹ ግርጌ ላይ አጭር ማስታወሻ ጻፈ። ይህ ቲዎረም ልዩ ሁኔታዎች ያሉት ይመስለኛል አለ። ከላይ ያየነውን የሳይን ድምር ምሳሌ አድርጎ ሰጠ። በፓይ፣ በሦስት ፓይ፣ በአምስት ፓይ፣ እንዲህ እያለ በሚሄደው ሁሉ ይቆረጣል አለ። ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ። የሀ ኃይሎችን ብቻ ለያዙ ድምሮች የራሱን ማረጋገጫ ሠርቶ አለፈ።

የማስታወሻው አነጋገር ይገርመኛል። "ቲዎረሙ ውሸት ነው" አላለም። "ልዩ ሁኔታዎች አሉት" ነው ያለው። ለእኛ ልዩ ሁኔታ ያለው ቲዎረም ብሎ ነገር የለም፤ አንድ ማፍረሻ ከተገኘ አለቀለት። አቤል ግን በሁለት ዘመን መካከል ቆሟል። በአሮጌው ዘመን ቀመር እንደ ሰዋስው ሕግ ነበር፤ ባጠቃላይ ይሠራል፣ እዚህም እዚያም የሚያፈነግጥ አይጠፋም። አዲሱ ዘመን ይህን አይፈቅድም። ያን አዲስ ዘመን ከሚጀምሩት አንዱ ራሱ አቤል ነው፤ አነጋገሩ ግን የአሮጌው ነው።

አቤል አደገኛውን ሰፈር ትቶ ደህና ወደሆነው ገባ። ማረጋገጫው የቱ ጋ እንደተሰበረ አልጠየቀም። ለመጠየቅም ጊዜ አልታደለም። በሚያዝያ 1829 በሳንባ ነቀርሳ ሲሞት 26 ዓመቱ ነበር። በርሊን ሥራ እንደተገኘለት የሚያበስረው የክሬለ ደብዳቤ የተጻፈው ከሞተ ሁለት ቀን በኋላ ነው።

አሁን ራሳችን ስብራቱን እንፈልገው። የኮሺ ማረጋገጫ አጭር ነው። ድምሩን ለሁለት ይከፍለዋል። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ተደማሪዎች (መቶም ሺህም ሊሆኑ ይችላሉ) አንድ ወገን፤ ቀሪው ሁሉ ሌላ ወገን። ሀ በኢምንት ሲነቃነቅ የመጀመሪያው ወገን በኢምንት ይነቃነቃል፣ ምክንያቱም ውሱን የሆኑ ያልተቆረጡ ፋንክሽኖች ድምር ነው። ቀሪውስ? ብዙ ተደማሪ ከወሰድን ቀሪው ራሱ ኢምንት ይሆናል፤ ስለዚህ ለውጡም ኢምንት ነው። ሁለቱ ኢምንቶች ሲደመሩ ኢምንት። አለቀ።

ይህን በዚያው የሳይን ድምር ላይ በቁጥር እንፈትሸው። በሞባይል ካልኩሌተር የማይሞከር በመሆኑ አጭር ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ይሞክረው። ሀ = 3.14 እንውሰድ። ትክክለኛው መልስ 1.57 ነው። አሥር ተደማሪ ስንደምር የምናገኘው 0.016 ገደማ ነው። ገና አልተነካም። መቶ ስንደምር 0.16 ገደማ። ሺህ ስንደምር 1.38 ገደማ። ሁለት ሺህ ላይ እንዲያውም አልፎ 1.85 ይደርሳል፤ ከዚያ እየተወዛወዘ ወደ 1.57 ይረጋል። እሺ፣ ቢዘገይም ደረሰ። አሁን ወደ ፓይ ትንሽ እንጠጋ፦ ሀ = 3.1415። እዚህ ሺህ ተደማሪ የሚሰጠን 0.09 ገደማ ብቻ ነው! ለ3.14 ሊበቃ የተቃረበው ሺህ፣ ለ3.1415 ከመጀመሪያው ፈቀቅ አላደረገንም። እዚያ አሥርና ሃያ ሺህ ያስፈልጋል። ወደ ፓይ ይበልጥ ስንጠጋ ደግሞ መቶ ሺህ፣ ሚሊዮን፣ እያለ ይቀጥላል። የቱንም ቁጥር ብንመርጥ፣ ያ ቁጥር የማይበቃው ነጥብ ፓይ አጠገብ አለ።

ስብራቱ እዚህ ጋ ነው። ኮሺ "ብዙ ተደማሪ ከወሰድን ቀሪው ኢምንት ነው" ሲል፣ ለአንድ ነጥብ የበቃው ብዛት ለጎረቤቱም ይበቃል ብሎ ሳያስበው ወስዷል። ሠርግ ላይ እንግዳው ሁሉ አንድ በአንድ ይመጣል እንበል፤ የሚቀር የለም። ነገር ግን "አሁን ሁሉም ገብቷል፣ በሩን ዝጋው" የሚባልበት ሰዓት ላይኖር ይችላል፣ እንግዳው ማለቂያ ከሌለው። የእያንዳንዱ መድረስና የሁሉም አብሮ መድረስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማረጋገጫው የሚፈልገው ሁለተኛውን ነበር፤ ቲዎረሙ የጠየቀው ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ይህን ለማየት 1847 መድረስ ነበረበት። በዚያ ዓመት ሁለት ሰዎች፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ ወደ ነገሩ ደረሱ። አንዱ ሙኒክ ያለው ፊሊፕ ሉድቪግ ዛይድል ነው፤ የተወለደው የኮሺ መጽሐፍ በታተመበት በ1821 ነው። ሌላው ጆርጅ ስቶክስ ነው፤ ጽሑፉን በታኅሣሥ 1847 ለካምብሪጅ ፍልስፍናዊ ማኅበር አቀረበ። ሁለቱም ድምሩ በሚቆረጥበት ነጥብ አጠገብ መጠጋቱ ከልክ በላይ እየዘገየ እንደሚሄድ አዩ።

የዛይድልን መንገድ ለይቼ እወደዋለሁ። ቲዎረሙ ማፍረሻ አለው፤ ማረጋገጫው ግን ሲያዩት ቀዳዳ የለውም። እንግዲያው ማረጋገጫው ውስጥ ያልተነገረ ግምት ተደብቋል ማለት ነው። ፈልገን እናውጣው። ካወጣነው በኋላ ግምቱን ቲዎረሙ ውስጥ በግልጽ እንጻፈው። ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። በዚያ ዘመን ግን ቲዎረም ሲናጋ የለመዱት መንገድ ሌላ ነበር፤ አንድም ማፍረሻውን ዝም ማለት፣ አንድም እንደ አቤል ወደ ደህና ቦታ ማፈግፈግ። ዛይድል ወደ ማረጋገጫው ተመልሶ ገባ። ማፍረሻውን እንደ ጠላት አላየውም፤ የተደበቀውን የሚያሳይ መብራት አደረገው።

የሃንጋሪው ተወላጅ ፈላስፋ ኢምሬ ላካቶሽ ይህን ታሪክ ትልቅ ቦታ የሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። ላካቶሽ በ1956 አገሩን ጥሎ ወደ እንግሊዝ ሄደ፤ በ1961 ካምብሪጅ ላይ ስለ ሂሳብ ግኝት የዶክትሬት ጽሑፉን አቀረበ። ሂሳብ ዝግጁ እውነቶችን እየደረደረ የሚሄድ ነው የሚለውን አመለካከት ተቃወመ። ግምት ይቀርባል፣ ማረጋገጫ ይሞከራል፣ ማፍረሻ ይመጣል፣ ከማረጋገጫው ውስጥ አዲስ ሐሳብ ይወጣል አለ። በኮሺ ጉዳይ ላይ ለረዥሙ ዝምታ የሰጠው ምክንያት የአእምሮ ድክመት አይደለም፤ የዘዴ እጥረት ነው። ማረጋገጫን የሚመረመር ነገር አድርጎ የማየት ልማድ ገና አልነበረም። በዚህ እስማማለሁ። በ1821 እና በ1847 መካከል የነበሩት ሰዎች ከዛይድል ያነሱ አልነበሩም። ጀርመናዊው የሂሳብ ሊቅ ዲሪክሌ በ1829 የፉሪዬ ድምሮች መቼ እንደሚጠጉ በጥብቅ አረጋግጧል። የጎደለው ጥያቄው ነው።

አንድ ነገር ግን እጨምራለሁ። ሐሳቡ በሌላ በርም እየገባ ነበር። ክሪስቶፍ ጉደርማን የተባለ የሙንስተር መምህር በ1838 ጽሑፉ ላይ በወጥ ሁኔታ የሚጠጋ ድምርን እግረ መንገዱን ጠቅሶታል። ተማሪው ካርል ቫየርስትራስ በ1841 በጻፈው ጽሑፍ ሐሳቡን ሥራ ላይ አዋለው። ያ ጽሑፍ ግን የታተመው በ1894 ነው! ቫየርስትራስ ለዓመታት ትንንሽ ከተሞች ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሆኖ፣ ስፖርት ሳይቀር እያስተማረ ኖረ። በ1856 በርሊን ገብቶ ማስተማር ሲጀምር ነው ሐሳቡ በተማሪዎቹ በኩል አውሮፓን ያዳረሰው። ዛሬ ዩኒፎርም ኮንቨርጀንስ የምንለው ይኸው ነው፤ ወጥ መጠጋት። ለዛይድል የማረጋገጫ ጉድለት መጠገኛ ነበር፤ ለቫየርስትራስ ግን የግንባታው መሠረት ሆነ። አንድ ሐሳብ መገኘቱና አገልግሎቱ መታወቁ ሁለት የተለያዩ ቀኖች ናቸው።

ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ይህ ትርጉም ለተማሪ የሚሰጠው ከነአጣብቂኙ አይደለም። ሰሌዳ ላይ ኤፕሲለን (የሚፈቀደው የስህተት መጠን) ይጻፋል፣ የተደማሪዎቹ ቁጥር ከነጥቡ በፊት ይመረጣል፣ ተማሪው ይሸመድዳል። "ለምን ከነጥቡ በፊት?" ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የ3.14ን እና የ3.1415ን ሒሳብ ቀድሞ የሠራ ተማሪ ግን ራሱ ይጠይቃል። አንድ የአስተማሪ ሰዓት ለዚህ ቢውል የሚባክን አይመስለኝም።

ውጤቱ ሩቅ ሄዷል። በ1870 ሃለ ከተማ ያለው ኤድዋርድ ሃይነ አንድ ፋንክሽን የሚጻፍበት የሳይንና የኮሳይን ድምር አንድ ብቻ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። የድሮው መልስ አዎ ነበር፤ ማረጋገጫው ግን ተደማሪዎቹን አንድ በአንድ ኢንተግሬት ማድረግን ይፈልጋል፣ ያ ደግሞ ወጥ መጠጋት ከሌለ አይፈቀድም። ጥያቄውን ለወጣት ባልደረባው ለጌኦርግ ካንቶር ሰጠው። ካንቶር ቲዎረሙ ሳይነካ ስንት ነጥቦችን ችላ ማለት እንደሚቻል ሲመረምር በ1872 ስለ ነጥቦች ስብስብ ማሰብ ጀመረ። በ1874 ደግሞ የመስመር ነጥቦችን በተራ ቁጥር ቆጥሮ መጨረስ እንደማይቻል አሳተመ። ሴት ቲዎሪ (set theory) የሚባለው የስብስቦች ጥናት መንገድ ከዚያ ተጀመረ።

ኮሺስ? በ1853 ስለ ቲዎረሙ እንደገና ጻፈ። ብሪዮ እና ቡኬ የተባሉ ሁለት ሰዎች ለሁሉም ድምር እንደማይሠራ አመልክተው ነበር። ኮሺ ተቀበለ፤ አነጋገሩን በቀላሉ ማስተካከል ይቻላል አለና ቀሪው ለሁሉም የሀ ዋጋዎች ሁልጊዜ ኢምንት መሆን አለበት የሚል ቅድመ ሁኔታ ጨመረ። ምሳሌ አድርጎም ዜሮ ላይ የሚቆረጥ፣ የፉሪዬን መሰል ድምር ወስዶ፣ ሀን 1/ተ አደረገው፤ ተ የተደመሩት ብዛት ነው። ብዛቱ ሲያድግ ነጥቡም አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ ቀሪው ግን 0.62 ገደማ ላይ ይቀራል እንጂ አይጠፋም።

ይህ 1/ተ ሌላ ክርክር አስነሣ። በ1960ዎቹ አብርሃም ሮቢንሰን እውነተኛ ኢምንት ቁጥሮችን (ዜሮ ያልሆኑ፣ ግን ከማንኛውም ተራ ፖዘቲቭ ቁጥር የሚያንሱ) በጥብቅ ሎጂክ መልሶ አቋቋመ። ከዚያ ወዲህ፣ ላካቶሽን ጨምሮ፣ ኮሺ አልተሳሳተም የሚሉ ተነሡ። የኮሺ መስመር ላይ ከፓይ በኢምንት የሚርቁ ነጥቦችም አሉ። ድምሩ እዚያም ይጠጋ ከተባለ የፉሪዬ ምሳሌ ቅድመ ሁኔታውን አያሟላም፣ ቲዎረሙም ይቆማል። ቫየርስትራስ ኢምንቶቹን ከመስመሩ ሲያወጣ ነው ያው ዓረፍተ ነገር ውሸት የሆነው።

ይህ አስተያየት ከባድ ነው፤ በቀላሉ አይጣልም። አንድ የሂሳብ ዓረፍተ ነገር ቃሉ ሳይለወጥ፣ ከሥሩ ያለው የቁጥር መስመር ሲለወጥ እውነትነቱ እንደሚለወጥ ያሳያል። የኔ ሚዛን ግን ወደ 1853 ያደላል። የ1821ዱ ማረጋገጫ ስለ ኢምንት ነጥቦች አንድም ቅድመ ሁኔታ አያነሣም። ኮሺ ያን ሁሉ ገና ያኔ አስቦት ከነበረ፣ ከ32 ዓመት በኋላ "ሁልጊዜ" የሚል ቃል መጨመር ባላስፈለገው ነበር። መሣሪያው እጁ ላይ ነበር፤ የት እንደሚያስፈልግ ያሳየው የአቤል ምሳሌና ከዚያ በኋላ የመጡት ሰዎች ጥያቄ ነው።